የድሮ ፒካት ውጤት ለምታወዳድሩ አባላት

ሰላም ለሁላችሁም፤

ሰሞኑን አሜሪካ ፋርማሲ ትምህርት ቤት ለመግባት «ፒካት (PCAT፣ የፋርማሲ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ስንት ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ በዝቷል። አንዷ እህታችን የአክስቷ ልጅ ድሮ 430 አምጥታ እንደገባች ሰምታ ገና ከአሁኑ ተስፋ ቆርጣለች። እህቴ፣ ፈተናው እኮ ቀርቷል! ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው ጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) ነው። የፒካት መጽሐፍ በውድ የሚሸጥላችሁ ካለ እንዳትሸወዱ።

430ውም ቢሆን ከመቶ አይደለም። የፒካት ውጤት ከ200 እስከ 600 ነበር። ከጎኑ ፐርሰንታይል ይጻፋል፤ 80 ማለት 80 በመቶውን ጥያቄ መለሰች ማለት ሳይሆን፣ ለንጽጽር ከተያዙት ተፈታኞች 80 በመቶ ያህሉን በለጠች ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ ስንቱ ተጨቃጭቋል!

አሁን ክብደቱ ያለው ኮሌጅ በወሰዳችኋቸው ኮርሶች ውጤት፣ በድጋፍ ደብዳቤና በቃለ መጠይቅ ላይ ነው። በተለይ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን አደራ፤ እኔ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሲ አግኝቼበት ደግሜዋለሁ። ፎርሙላ ስሸመድድ ከርሜ ነበር። ሁለተኛው ላይ የኤሌክትሮኖቹን አካሄድ በየቀኑ በእጄ እየሣልኩ ሳጠና ነው የገባኝ።

ከአገር ቤት ትራንስክሪፕት ያላችሁ ደግሞ አስገምግሙ የሚሉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ወረቀቱ ከዩኒቨርሲቲው እስኪላክ ጊዜ ይበላል፤ ዛሬውኑ ጀምሩ።

ቅዳሜ ማታ የቃለ መጠይቅ ልምምድ አለን። ካሜራ ክፈቱ እሺ?