ወተትና ቫይታሚን ጓንት አይሆኑም

ግልጽ ደብዳቤ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር

መቂ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ባለፈው ወር አንድ ወጣት መጥቶ ቫይታሚን ኢ ስጠኝ አለኝ። ለማን ነው ብዬ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ ኬሚካል መርጨት ከጀመረ አራት ዓመቱ፣ ካገባ ደግሞ ሦስት ዓመቱ ነው። ልጅ የለም። ሚስቱ ሦስት ቦታ ተመርምራለች፣ እሱ ግን አንድም ቀን አልተመረመረም። አሠሪው «ወተት ጠጣ፣ መርዙን ያወጣልሃል» ብሎታል። ቫይታሚኑ ኬሚካሉ በዘር ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ያድናል ብሎ የነገረው ደግሞ ጓደኛው ነው።

ጓንት ታደርጋለህ ወይ አልኩት። ሳቀ።

እኛ አካባቢ ኬሚካሉን «መድኃኒት» ነው የሚሉት። መድኃኒት ለሚሸጥ ሰው ይህ አጠራር አይመቸውም።

የወተቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ወተት ምግብ ነው፣ በቆዳና በትንፋሽ የገባ ኬሚካል ጠራርጎ አያወጣም። ቫይታሚኑ ግን ዝም ብሎ የሚጣል ወሬ አይደለም። የስፐርም ሽፋን ቶሎ በሚበላሽ ቅባት የተሞላ ነው። የቆየ ዘይት አየር ሲያገኘው እንደሚበላሸው፣ ብዙ ኬሚካሎችም ይህንን ቅባት ያበላሹታል። ቫይታሚን ኢ ቅባቱ ውስጥ፣ ቫይታሚን ሲ ፈሳሹ ውስጥ ሆነው ይህን ጉዳት ይከላከላሉ። ማላታይን የሚባል የተባይ ማጥፊያ የተሰጣቸው አይጦች ሁለቱ ቫይታሚኖች ሲጨመሩላቸው የዘር ፍሬያቸው ጉዳት ቀንሶ ታይቷል። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ወደ ሰው ሲመጣ ተስፋው ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት መውለድ የተቸገሩ 171 ወንዶችን ይዞ ነበር። ከፊሎቹ ሁለቱን ቫይታሚኖች ከዚንክና ከሌሎች ጋር ወሰዱ፣ ሌሎቹ ባዶ ክኒን። የስፐርሙ ብዛትም ሆነ እንቅስቃሴ አልተሻሻለም። እርግጥ እነዚያ ሰዎች ኬሚካል ረጪዎች ተብለው የተመረጡ አይደሉም። ግን ክኒኑ ረጪውን ያድነዋል ብሎ ለመማል የሚያበቃ ነገርም የለም። ደግሞ ቫይታሚን ስለሆነ አይጎዳም ማለት አይደለም። በብዙ ሺህ ወንዶች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ በየቀኑ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ የወሰዱት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

አይጥ ካነሳን አይቀር፣ ያልሰማነውንም እናንሳ። ዲቢሲፒ የሚባል የአፈር ትል ማጥፊያ የአይጦችን የዘር ፍሬ እንደሚያጨማድድ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነበር። ምርቱ ግን ቀጠለ። በ1977 ካሊፎርኒያ፣ ላትሮፕ በሚገኝ ፋብሪካ ወንዶች ሠራተኞች እርስ በርስ ሲያወሩ ልጅ እየወለዱ አለመሆናቸውን አስተዋሉ። ሲመረመሩ ብዙዎቹ ስፐርማቸው በጣም አንሷል ወይም ጭራሽ የለም። ከሥራው ከራቁ በኋላ የተሻላቸው አሉ፣ እስከ መጨረሻው ያልተመለሰላቸውም አሉ። በመካከለኛው አሜሪካ የሙዝ እርሻዎችም ብዙ ሠራተኞች በዚሁ ኬሚካል ተጎድተዋል። አይጦቹ «ተጠንቀቁ» ሲሉን 16 ዓመት አልሰማንም። «ቫይታሚን ይረዳል» ሲሉን ግን ወዲያው ወደ ፋርማሲ እንሮጣለን።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትንም በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። ወረቀቱ ላይ ችግር የለም። የእኔ ጥያቄ ለሁለት ሳምንት ተቀጥሮ በቲሸርትና በነጠላ ጫማ ፓምፕ ስለሚሸከመው የቀን ሠራተኛ ነው። ተቆጣጣሪዎቻችሁ በር ወዳላቸው ትልልቅ እርሻዎች ብቻ ሳይሆን፣ በኪራይ ወደሚለሙት ማሳዎችም ይውረዱ። ወተት መስጠት ጥንቃቄ ተብሎ አይቆጠር። የረጪዎች ምርመራ፣ ፈቃደኛ ለሆነ፣ የስፐርም ምርመራንም ይጨምር። ውጤቱም ለአሠሪው ሳይሆን ለራሱ ብቻ ይነገር። በአገራችን ልጅ ሲጠፋ መጀመሪያ የምትጠረጠረው ሴቷ ስለሆነች፣ ይህ ምርመራ ስንት ትዳር እንደሚያተርፍ እናንተም አታጡትም።

ለዚያ ወጣት ቫይታሚኑን አልሸጥኩለትም። ሆስፒታል ሄዶ እንዲመረመር ነገርኩት። አዲስ ስፐርም ለመሠራት ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚፈጅ፣ ለሦስት ወር ያህል ከርጭቱ እንዲርቅም መከርኩት።

«ሦስት ወር ማን ያበላኛል?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄውን ለእናንተ አስተላልፌያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመቂ ፋርማሲስት