በቀኝ ስፖኪዮ የሚታየው መኪና ምን ያህል ይርቃል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ትራፊክ አደጋ በሚጻፉ ጽሑፎች ፍጥነት፣ የአሽከርካሪዎች ሥነ ምግባርና የመንገድ ጥራት በተደጋጋሚ ይነሳሉ፤ ይህም ተገቢ ነው። እኔ ግን ፊዚክስ እንደሚያስተምር ሰው ብዙም ትኩረት ያላገኘ አንድ ጉዳይ ላንሳ። በማውቃቸው ማሠልጠኛዎች ሠልጣኙ ስፖኪዮ እንዴት እንደሚስተካከል ይማራል እንጂ በውስጡ የሚያየው ምስል እንዴት እንደሚፈጠር አይነገረውም።

በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ያረፈ ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ዓይናችን ብርሃን ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ እንደመጣ አድርጎ ስለሚቀበል፣ ጨረሮቹ ከመስታወቱ ጀርባ የተነሱ ይመስሉታል፤ በመሆኑም ምስሉ ዕቃው ከመስታወቱ ፊት በሚርቀው ያህል ከጀርባው ርቆ፣ መጠኑም ሳይለወጥ ይታየናል። ከአሽከርካሪው ፊት ከፍ ብሎ የሚሰቀለው የውስጥ መስታወት አብዛኛውን ጊዜ ጠፍጣፋ ስለሆነ ርቀትን አያዛባም።

የቀኙ ስፖኪዮ ግን በአብዛኞቹ መኪናዎች ፊቱ በጥቂቱ ወደ ውጭ ያበጠ፣ ኮንቬክስ የሚባል መስታወት ነው። ጨረሮችን በታትኖ ስለሚመልስ ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ መሪው በግራ በኩል ላለ መኪና ይህ እጅግ ጠቃሚ ነው። ስፋቱ የሚገኘው ግን ምስሉ በማነሱ ነው፤ የመኪናን ትክክለኛ መጠን የሚያውቀው አእምሯችንም አንሶ ያየውን መኪና ርቆ ያለ አድርጎ ይገምተዋል። የመስታወቱ የጉብጠት ሬዲየስ (ያበጠው ፊት የአንድ ትልቅ ኳስ ቁራጭ ቢሆን፣ ከኳሱ መሃል እስከ ፊቱ ያለው ርቀት) 1.4 ሜትር፣ የአሽከርካሪው ዓይን ከመስታወቱ ያለው ርቀት 1.3 ሜትር ቢሆንና ሌላ መኪና ከመስታወቱ 20 ሜትር ወደ ኋላ ቢገኝ፣ ምስሉ ከመስታወቱ ጀርባ 68 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ይፈጠራል። በመጠኑ ብቻ ከተገመተ ግን መኪናው 58 ሜትር ገደማ የራቀ ይመስላል። ከእኛ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚፈጥን መኪና 58 ሜትር ለመድረስ 7 ሰከንድ ያህል ሲፈጅበት፣ 20 ሜትሩን በ2.4 ሰከንድ ይጨርሰዋል። መስመር የሚቀይር አሽከርካሪ 7 ሰከንድ ያለው እየመሰለው ነው መሪውን የሚያዞረው።

በአሜሪካ ሕጉ በእንዲህ ዓይነቱ መስታወት ላይ የሚታየው ነገር ከሚመስለው ይልቅ ቅርብ መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ከዚያ ገበያ የመጡ መኪናዎች ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ይዘው በከተማችን ይዘዋወራሉ፤ ምክንያቱን ግን የሚያስረዳ የለም። ሌላው አሳሳቢ ነገር ስፖኪዮ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ ጠፍጣፋ መስታወት አስቆርጦ መለጠፍ ነው። እንዲህ ያለው መስታወት መጠንን ባያሳንስም የሚያሳየው ቦታ ጠባብ በመሆኑ፣ ጎን ለጎን የሚመጣ ሞተር ሳይክል ጨርሶ ላይታይ ይችላል።

ስለዚህ የሚመለከተው አካል ይህን ትምህርት በአሽከርካሪዎች ሥልጠናና በጽሑፍ ፈተናው ውስጥ እንዲያካትት፣ በዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራም የቀኙ መስታወት ዓይነት እንዲታይ እጠይቃለሁ። እስከዚያው አሽከርካሪዎች ወደ ቀኝ ከመውጣታቸው በፊት ያንኑ መኪና በውስጥ መስታወትም ቢያዩት፣ በውስጡ ካልታየም አንገታቸውን ዞር አድርገው ቢያረጋግጡ ትክክለኛውን ርቀት ያገኛሉ።

ከአክብሮት ጋር
የፊዚክስ መምህር፣ ከአዲስ አበባ