ሪዘርቭ ፖሊስ ልትሆኚ ነው አሉኝ

ልጄ፣

ሪዘርቭ ፖሊስ ልትሆኚ ነው አሉኝ። ከስራሽ ጎን ለጎን በፈቃድሽ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሆነሽ ልታገለግዪ። የነገረችኝ እናትሽ ናት። ለሷ ቀድመሽ ነግረሽ እኔን ማቆየትሽን ልብ ብያለሁ፤ እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን። በስልክ ስንነጋገር አንቺ ትቸኩያለሽ፣ የኔ ድምፅ ከፍ ይላል፣ እናትሽ መሀል ትገባለች፣ ከዚያ ወሬው የእሁድ ምሳ ምን ይሁን ላይ ያልቃል። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

አትግቢ ልልሽ አይደለም። ትልቅ ሰው ነሽ፣ የራስሽ ስራና ቤት አለሽ። ግን ህጉን አንብቤዋለሁ። ኤርፖርት ተሳፋሪ ስጠብቅ በስልኬ የካሊፎርኒያን የወንጀል ህግ ሳገላብጥ ነው የሰነበትኩት። አልዋሽሽም፣ የጀመርኩት አንቺን የማስቀርበት ነገር ፍለጋ ነው። የሚያስቀር አላገኘሁም። የሚያስጨንቅ ግን አገኘሁ፣ ልብ የሚያሳርፍም አገኘሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደደነገጥኩ ልንገርሽ፣ እዚህ ሀገር ላደገ ሰው በቀላሉ አይገባምና። «በፈቃዱ መሳሪያ የታጠቀ የሰፈር ሰው» ሲባል እኔ የሚመጣብኝ የደርግ ዘመን አብዮት ጥበቃ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.። ፖሊስ አልነበሩም፣ ወታደርም አልነበሩም፣ ጎረቤት ነበሩ። ትናንት አብሮን ኳስ ሲራገጥ የነበረ ልጅ ዛሬ ከቀበሌ ጠመንጃ ተቀብሎ በራችንን ያንኳኳል። ማንን መያዝ ይችላል? በምን ምክንያት? ማንስ ይጠይቀዋል? ለዚህ መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። «ነጻ እርምጃ» የሚሉት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ብቻ ነበር፣ እሱን ደግሞ እናቶች ያውቁታል። ስለዚህ የሎስ አንጀለስን ደንብ ሳነብ በእጄ የያዝኩት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህቺን ልጅ ማን ይጠይቃታል?

መልስ አለው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው።) የከተማው ሪዘርቭ ከ1947 ጀምሮ ያለ ነው፤ ስልጣኑን የሚሰጠው ግን የግዛቱ ህግ ነው። የወንጀል ህጉ አንቀጽ 830.6 እና 832.6። ሁለቱንም አንብቢያቸው፣ እንቅልፍ ቢያመጡም። ሪዘርቭ የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ሶስት ሌቭል አለ፣ ቁጥሩም ወደ ታች ነው የሚቆጠረው። ሌቭል ሶስት መጀመሪያው ነው፤ ሰልፍና ስፖርት ሜዳ ላይ ጥበቃ፣ ትራፊክ ማስተናገድ፣ ሪፖርት መቀበል፣ እንዲህ ያለው ስራ፣ ያውም የሚቆጣጠር መኮንን በቅርብ ባለበት። ሌቭል ሁለት ወንጀል መከላከል ውስጥ ይገባል፣ ፓትሮል ይወጣል፣ ግን ሙሉ ስልጠና የጨረሰ ፖሊስ አጠገቡ ሆኖ በቀጥታ እየተቆጣጠረው ብቻ። ለማጅ ሹፌር ከነአስተማሪው እንደሚነዳው ነው። ሌቭል አንድ ግን መደበኛው ፖሊስ የሚወስደውን መሰረታዊ ስልጠና ይጨርሳል፣ የግዛቱ ዝቅተኛ መስፈርት 664 ሰዓት ነው፣ ከዚያ መንገድ ላይ ስልጠናም አለው፣ እሱን ሲጨርስ ብቻውን መሰማራት ይችላል።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርሽ። መንገድ ላይ ያለው ሰው ሌቭልሽን አያይም። ዩኒፎርም ያያል፣ ሽጉጥ ያያል፣ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ይጠብቅሻል። በጎ ፈቃደኛ መሆንሽን አያውቅም፣ ቢያውቅም ለሱ ምንም ለውጥ የለውም። ሌቭልሽን የምታውቁት አንቺና አዛዥሽ ናችሁ፤ እዚያ መሀል አንቺ ካልተጠነቀቅሽ ደንቡ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። ኦክላሆማ ውስጥ በ2015 ሚያዝያ ላይ የሆነውን አስታውሺ። ሮበርት ቤትስ የሚባል የ73 ዓመት ሰው፣ የኢንሹራንስ ሰው፣ የተልሳ ካውንቲ ሸሪፍ በጎ ፈቃደኛ ሪዘርቭ ነበር። የሸሪፉ ወዳጅ፣ ለመስሪያ ቤቱ ዕቃ የሚለግስ። ኤሪክ ሃሪስ የሚባል መሳሪያ ያልያዘ ሰው ሊያመልጥ ሲሮጥ ይዘው መሬት ላይ ሲያስተኙት፣ ቤትስ ቴዘር (በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዘውን መሳሪያ) የመዘዘ መስሎት ሽጉጥ መዝዞ ተኮሰበት። ሰውየው ሞተ። ቤትስ በሚቀጥለው ዓመት 4 ዓመት ተፈረደበት፣ ሸሪፉም ስልጣኑን ለቀቀ። ክርክሩ ሁሉ የዞረው የስልጠና መዝገቡ ላይ ነበር፤ እውነት ተማረ ወይስ በወዳጅነት ታለፈ? እንግዲህ ስልጠና ላይ ሆነሽ አንድ ደግ ሰው «ይቺን ሰዓት ተይው፣ እኔ እፈርምልሻለሁ» ቢልሽ፣ ያ ሰው ውለታ እየዋለልሽ አይደለም።

ሌላው፣ ስልጣንሽ ሰዓት አለው። ሌቭል አንድ ሆነሽ በተለይ ካልተሰየምሽ በስተቀር ፖሊስ የምትሆኚው በተመደብሽበት ስራ ላይ እያለሽ ብቻ ነው። ሺፍት ሲያልቅ አንቺ የኔ ልጅ ነሽ፣ በቃ። ይህን የምልሽ ሰዋችንን ስለማውቀው ነው። ሰርግ ላይ ሁለት ጎረምሳ ቢያያዝ «አንቺ ፖሊስ አይደለሽ እንዴ?» ብለው ይገፉሻል። ፌርፋክስ፣ የሰዎቻችን ምግብ ቤቶች ያሉበት መንገድ፣ ምግብ እየበላሽ አንዱ ሂሳብ አልከፍልም ቢል ባለቤትዋ ወዳንቺ ትመለከታለች። 911 ደውዪና ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የታርጋው ነገር ነው። አንዷ እትዬ ትመጣና «ልጄ፣ ይቺን ታርጋ እስቲ በኮምፒውተራችሁ እዪልኝ፣ መኪናዬን ገጭቶ የሄደ ነው» ትልሻለች። ወይም «ሴት ልጄ የያዘችው ልጅ የወንጀል ሪከርድ አለው ወይ?» እያለች ታለቅሳለች። የፖሊስን መረጃ ለግል ጉዳይ መክፈት ካሊፎርኒያ ውስጥ ወንጀል ነው። ቅሬታ ብቻ መስሎሽ እንዳትሞኚ። ማን መቼ ምን እንደፈለገ ኮምፒውተሩ ይመዘግበዋል። እኔም ብጠይቅሽ እንቢ በዪኝ፣ አልቀየምም፣ ወይም ብቀየም ያልፍልኛል።

ደስ ያለኝ ደንብ የመንገድ ላይ ማስቆምን የሚመለከተው ነው። እኛ ሹፌሮች «ለምን እንዳስቆምኩህ ታውቃለህ?» የምትለዋን ጥያቄ ስንፈራ ነው የኖርነው፤ አውቃለሁ ብትዪ ራስሽን ከሰስሽ፣ አላውቅም ብትዪ ዋሸሽ። ከ2024 ጥር ጀምሮ ቀርታለች። ፖሊሱ ስለወንጀል ወይም ስለትራፊክ ጥፋት ከመጠየቁ በፊት ያስቆመበትን ምክንያት መናገር አለበት፣ ህይወት ወይም ንብረት የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ካልኖረ በስተቀር። ሪዘርቭም ብትሆኚ ያው ነው። አንድ አዛውንት ሹፌር ስታስቆሚ መጀመሪያ ምክንያቱን በዪው፤ ልቡ ይመለሳል።

አሁን ከሁሉም የሚከብደው። ከ2022 ጀምሮ በስራ ላይ ያለ ህግ አለ፤ አንድ ፖሊስ ባልደረባው ከሚገባው በላይ ኃይል ሲጠቀም ካየ ጣልቃ ገብቶ ማስቆም አለበት፣ ወዲያውም ሪፖርት ማድረግ አለበት። ግዴታ ነው። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን እስቲ አስቢው። አንቺ በወር ሁለቴ የምትመጪ በጎ ፈቃደኛ ነሽ፣ ሌቭል ሁለት፣ ከጎንሽ ያለው ሃያ ዓመት ያገለገለ፣ አንቺን እንዲቆጣጠር የተመደበ፣ ስላንቺ ብቃት የሚጽፈው እሱ ነው። እሱ ተናዶ የተያዘ ሰው አንገት ላይ ሲጫን አንቺ ነሽ «በቃ» የምትዪው። እኛ ደግሞ ምን ብለን አሳደግንሽ? ትልቅ ሰው ሲናገር አታቋርጪ፣ ትልቅ ሰው ሲቆጣ ዝም በዪ። ቤት ውስጥ ይህ ጥሩ ነው፣ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ። እዚያ መኪና ውስጥ ግን አይሰራም። ህጉ ዕድሜና ማዕረግ አይቶ አልጻፈም፤ አይቶ ዝም ያለውም ይጠየቃል። እኔ ያኔ ጠመንጃ የያዙትን የሰፈራችንን ልጆች ሁሉ ክፉ ነበሩ አልልሽም። አብዛኛዎቹ ትልቁን «በቃ» ማለት ያልቻሉ ልጆች ነበሩ። እዚህ ጋ እችላለሁ ካልሽ ግቢ። አልችልም ካልሽ፣ ወይም እንጃ ካልሽ፣ ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ከራስሽ ጋ ጨርሺ፤ በምሽት መንገድ ላይ የሚወሰን ነገር አይደለም።

ሽጉጡንም ህጉ ጠበቅ አድርጎታል፣ ከ2020 ወዲህ ነፍስ የሚያጠፋ ኃይል የሚፈቀደው የሰው ህይወት ለማዳን የግድ ሲሆን ነው። ስለዚህ ብዙ አልልሽም፣ እናትሽ ይህን ስታነብ ታለቅሳለች።

ወረቀት ስለሌላቸው ሰዎቻችን ግን ልበልሽ። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ከ1979 ጀምሮ ስፔሻል ኦርደር 40 የሚባል ትዕዛዝ አለው፤ ፖሊሱ የሰውን የኢሚግሬሽን ሁኔታ ለማወቅ ብሎ እርምጃ አይጀምርም። ግዛቱም በ2017 የራሱን ህግ ጨምሮበታል። ይህን ህዝባችን በደንብ አያውቀውም፣ ተዘርፎ እንኳ ፖሊስ ለመጥራት የሚፈራ ስንት አለ። አማርኛሽ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ባል የሚደበድባት ሴት ባጅሽን አይታ ዝም ካለች በኋላ «እህቴ፣ ስለ ወረቀትሽ አልጠይቅሽም» ብትያት፣ በአማርኛ፣ ያ ብቻውን ስራ ነው።

ስለ ስራሽ አትጨነቂ። ስልጠናው በምሽትና በቅዳሜና እሁድ ነው የሚሰጠው፣ እንቅልፍሽን እንጂ ደመወዝሽን አይነካም። ድንገተኛ ጥሪ ወጥተሽ ከስራ ብትቀሪ አሰሪሽ ሊያባርርሽ አይችልም፣ የሰራተኛ ህጉ ይጠብቅሻል። 50 እና ከዚያ በላይ ሰራተኛ ያለው ድርጅት ደግሞ ለስልጠና በዓመት እስከ 14 ቀን ፈቃድ መስጠት አለበት፤ የናንተ ከ50 በላይ ስለሆነ ይመለከተዋል። ከመግባትሽ በፊት ግን ለአለቃሽ ንገሪው፣ ህግ አለኝ ብሎ ሰው ማስደንገጥ ጥሩ አይደለም። በስራ ላይ ብትጎጂ እንደ ከተማው ሰራተኛ ተቆጥረሽ ትታከሚያለሽ፣ ይቺን ለእናትሽ ሶስት ጊዜ አነበብኩላት። ክፍያው በወር 50 ዶላር ነው። ሃምሳ! ቤንዚኑን እኔ እሞላልሻለሁ።

ሌቭል ሁለት ስትደርሺ አትቸኩዪ። ሰው ሁሉ ብቻውን የሚያስወጣውን ሌቭል አንድ እንደሚመኝ አውቃለሁ፣ ስምሽ ላይ ያምራል። እኔ ግን ቢቻል ብዙ ጊዜ አንድ ጥሩ ሰው አጠገብ ብትቀመጪ ነው የምወደው። ጥሩ ሰው ማለቴ ብዙ ያሰረ ማለቴ አይደለም። ሌሎች ፖሊሶች ሲያስቸግራቸው ማንን እንደሚጠሩ እዪ፣ ከዚያ ሰው ጋ ሺፍት ጠይቂ። በየሁለት ዓመቱ የሚፈለገው የ24 ሰዓት ተጨማሪ ስልጠና ላይም ስልክሽን አጥፊና ተማሪ፣ ለፊርማ አትሂጂ።

በቃ፣ ወደ ቅጹ እንምጣ። የህይወት ታሪክሽን በሙሉ ነው የሚጠይቁት፣ የኖርሽበት ቤት፣ የሰራሽበት ቦታ፣ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ዕዳ። ከዚያ ፖሊግራፍ (የውሸት መመርመሪያ ማሽን)፣ ሀኪም፣ የስነ ልቦና ምርመራ፤ ሰውን በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ትጠያለሽ ወይ የሚለውም በህግ ይታያል። ኮሌጅ እያለሽ ያልከፈልሽውን የፓርኪንግ ቲኬት አሁኑኑ ክፈዪ፣ ደብቄሽ የከፈልኩት አንዱን ብቻ ነው። የድሮ አድራሻዎቻችንን ዝርዝር እኔ አወጣልሻለሁ፣ ከኢንግልውዱ አፓርትመንት ጀምሮ፣ የኪራይ ወረቀቶቹ ሻንጣ ውስጥ አሉ። መርማሪው ዘመድ ጋ ስለሚደውል ለአጎትሽ አስቀድመሽ ንገሪው። እሱ ስልክ አንስቶ «ልጅቷን አላውቃትም» ብሎ የሚቀልድ ሰው ነው፤ እኔ ብነግረው ደግሞ ይብስበታል።

እሁድ ቅጹን ይዘሽ ነይ።

አባትሽ