የቤታችን ካሜራ ባለቤት ማን ነው?

የተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የምኖረው በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔም ባለቤቴም ታክሲ ለመያዝ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስለምንወጣና ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ስለማንመለስ፣ ሁለቱ ልጆቻችን አብዛኛውን ቀን የሚውሉት ከቤት ሠራተኛችን ጋር ነው። በዚህ ምክንያት እንደ ብዙ ጎረቤቶቻችን እኛም ባለፈው ዓመት በዋይፋይ የሚሠሩ ሁለት ካሜራዎች፣ አንዱን ሳሎን፣ ሌላውን ከበራፋችን በላይ አስገጠምን። ካሜራ መግጠም ስሕተት ነው የሚል እምነት የለኝም። የሚያሳስበኝ ካሜራው ከተገጠመ በኋላ ማን ሊያይበት እንደሚችል ሻጩም፣ ገጣሚውም፣ እኛም አለመጠያየቃችን ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ስልኬ ተበላሽቶ አዲስ በመግዛቴ፣ የካሜራውን አፕ እንዴት እንደምመልሰው ለመጠየቅ ለገጠመልን ባለሙያ ደወልኩ። እሱም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ካሜራው በደንብ ይሠራል፣ ልጆቹ ቴሌቪዥን እያዩ ነው» አለኝ። ይህን ያለው በክፋት ሳይሆን ሊያረጋጋኝ ብሎ ነው። እኔ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። ለካስ ሲገጥም ካሜራዎቹን በራሱ አካውንት መዝግቦ ለእኔ የማየት ፈቃድ ብቻ ነበር ያጋራኝ፤ እንዲህ ያደረገውም ብልሽት ሲያጋጥም ለመርዳት እንዲመቸው መሆኑን ነገረኝ። በስልኩ ውስጥ የስንት ሰው ቤት እንዳለ ስጠይቀው መልስ አልሰጠኝም።

ብዙዎቹ የዋይፋይ ካሜራዎች ባለቤቴ ነው ብለው የሚያውቁት መጀመሪያ የመዘገባቸውን አካውንት ነው። ካሜራው ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭኖ ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ እንኳ ይህን ትስስር ሁልጊዜ አይበጥሰውም፤ የመጀመሪያው ሰው ራሱ ከአካውንቱ ሊያጠፋው ይገባል። ስለዚህ ባለሙያውን ቤት ድረስ ጠርቼ ዓይኔ እያየ አስጠፋሁት፤ ከዚያም በራሴ አካውንት መዝግቤ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የሠራተኛችን ነገር ነው። ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ በመሆኑ እሷ የምትተኛው ሳሎን ነው። ልብስ የምትቀይረውም፣ ሲደክማት ጋደም የምትለውም፣ ከእናቷ ጋር በስልክ የምታወራውም እዚያው ነው። የሆነውን ስነግራት ብዙ ከቆየች በኋላ «ማታም ያያል ወይ፣ እትዬ?» ብላ ጠየቀችኝ። ካሜራው በጨለማም እንደሚያይ ስነግራት አቀረቀረች። ስናስገጥመው ፈቃዷን ቀርቶ ሐሳቧን እንኳ አልጠየቅናትም ነበር፤ ይህ የገጣሚው ሳይሆን የእኔ ጥፋት ነው። አሁን የሳሎኑ ካሜራ በየምሽቱ ከሶኬቱ ይነቀላል፤ የምትነቅለውም እሷ ራሷ ናት። ፊት ለፊት ያሉትን ጎረቤታችንን በር ያሳይ የነበረውን የበራፉን ካሜራም ወደ ደረጃው አዞርነው።

በየግቢውና በየሱቁ የሚገጠሙት የቆዩ ዲቪአሮች (የካሜራዎችን ምስል የሚቀዱ መሣሪያዎች) ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ብዙዎቹ የመጠቀሚያ ስማቸው «አድሚን» ሆኖ ከፋብሪካ ይዘውት በመጡት የይለፍ ቃል ለዓመታት ይሠራሉ። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሚራይ በተባለ ፕሮግራም የተጠለፉ መሣሪያዎች በአሜሪካ ትልልቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት ከአገልግሎት ውጭ አድርገዋል። ፕሮግራሙ ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን የጠለፈው ከ60 በላይ የታወቁ የፋብሪካ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን በየተራ እየሞከረ ነበር። በዚህ ዓይነት በር የሚገባ ሰው ቤታችንንም ማየት ይችላል።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ደንግጓል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ብሪታንያ ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢንተርኔት የሚገናኙ የቤት ዕቃዎች ለሁሉም አንድ ዓይነት በሆነ የፋብሪካ የይለፍ ቃል እንዳይሸጡ በሕግ ከልክላለች። አዋጁን የማስፈጸም ኃላፊነት የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ለካሜራ ሻጮችና ገጣሚዎች ግልጽ መመሪያ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። ገጣሚ ካሜራውን በደንበኛው አካውንት እንዲመዘግብ፣ የይለፍ ቃሉን ደንበኛው ራሱ እንዲያስገባ፣ ሥራውን ሲጨርስም በስልኩ ምንም ሳያስቀር እንዲወጣ መመሪያው ሊያስገድደው ይገባል።

መመሪያው እስኪወጣ ድረስ ካሜራ ያስገጠማችሁ ጎረቤቶቼ ዛሬ ማታ አፑን ከፍታችሁ የካሜራው ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው የማን አካውንት እንደሆነ፣ ፈቃዱም ለስንት ሰው እንደተጋራ እንድታዩ እለምናችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከኮዬ ፈጬ