ቅሬታ፦ የኢጄን ጉዞ ገንዘብ ይመለስልን

ሰላም እንዴት ናችሁ፣

ቴሌግራም ላይ ስጽፍላችሁ «እናየዋለን እህቴ» ብቻ እያላችሁ ስለጠፋችሁ ነው በኢሜይል የመጣሁት። ከዱባይ በናንተ በኩል ከታላቅ እህቴ ጋር ኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት ሄደን ነበር፣ ብሮሞና ኢጄን የሚባሉትን እሳተ ገሞራዎች ለማየት፣ ሙሉውን ቀድመን ከፍለን።

ብሮሞ ላይ ብዙ አላካብድም። ጂፑ በሰዓቱ መጣ፣ አሸዋውን አቋርጠን ደረጃውን ወጣን፣ ጭሱን አየን፣ አሪፍ ነበር። አስጎብኚያችሁ ግን «የጃቫ ትልቁ ተራራ ይሄ ነው» እያለ ነበር ሲያስረዳን የዋለው፣ ብሮሞ 2,329 ሜትር ነው፣ ትልቁ ከኋላው የቆመው ሰሜሩ ነው፣ 3,676 ሜትር፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ፈንድቶ ከ50 ሰው በላይ የገደለው። እሺ ይሁን ብለን አለፍነው።

ያናደደኝ ኢጄን ነው። ሰው እዛ ድረስ የሚሄደው ለሰማያዊው እሳት ነው፣ ከስንጥቁ የሚወጣው የድኝ ጋዝ አየር ሲያገኝ ይቀጣጠልና ሰማያዊ ሆኖ ይነዳል፣ የሚታየው ግን በጨለማ ብቻ ነው፣ ከነጋ በኋላ ቢነድም አይታይም። ፕሮግራማችሁ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሆቴል መነሳት ይላል፣ ሹፌራችሁ የመጣው 9 ሰዓት ተኩል! ከዛ መንገዱ አለ፣ ከዛ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ዳገት አለ፣ አፋፉ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ሰው ሁሉ ፎቶውን አንስቶ እየወረደ ነው። ሐይቁን አይተናል አልክድም፣ ቀለሙ ያምራል (አሲድ ስለሆነ እጅ አይነከርበትም እንጂ)።

ማስኩስ? እህቴ አስም እንዳለባት ፎርሙ ላይ ሞልተናል፣ እናንተም «ጋዝ ማስክ ፓኬጁ ውስጥ አለ» ብላችኋል። የተሰጠን ግን ያ የኮሮና ጊዜ ስስ ማስክ ነው፣ እሱ ደግሞ አቧራ እንጂ የድኝ ጋዝ አይዝም። ነፋሱ ወደኛ ሲዞር ዓይናችን ተቃጠለ፣ እህቴ ሳሏ አልቆም ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ አስጎብኚያችሁ ስልኩ ላይ ነው። የደረሰላት ድኝ ተሸካሚ ሰውዬ ነው። እነሱ 70 ኪሎና ከዛ በላይ በሁለት ቅርጫት ትከሻቸው ላይ አድርገው ከጉድጓዱ የሚወጡ ሰዎች ናቸው፣ ሸክሙን አውርዶ ጨርቅ በውሃ አርሶ አፏ ላይ እንድትይዝ አሳያትና ነፋስ ወደሌለበት ወሰደን። በናታችሁ፣ የሱ ሥራ ነበር?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማስታወቂያችሁ ላይ «ኢጄን» ብላችሁ የለጠፋችሁት ቀይ ላቫ የሚፈላበት ፎቶ ኤርታሌ ነው፣ አፋር ያለው የኛው ኤርታሌ! ኢጄን ላይ እንዲህ ያለ የላቫ ሐይቅ የለም። ለሐበሻ ደንበኛ ኤርታሌን ጃቫ ነው ብሎ መሸጥ ትንሽ እንኳን አያሳፍርም?

የብሮሞውን አልጠይቅም፣ የኢጄኑን የሁለታችንንም ሂሳብ በከፈልንበት ካርድ መልሱልን፣ «ለሚቀጥለው ጉዞ ቅናሽ» ምናምን አልፈልግም። ፎቶውንም አውርዱት። ደረሰኙን፣ የፕሮግራሙን ስክሪንሾትና ሹፌሩ «ደርሻለሁ ውጡ» ብሎ የላከውን ሜሴጅ ከነሰዓቱ አያይዣለሁ።