ልጄ፣ ስንት ጊጋ ይበቃሻል?

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም ወንድምሽም ሰላም ብለውሻል። ቱሉ ዲምቱ እንደተውሻት ናት፤ ውሃው በፈረቃ፣ መብራቱም እንደ ፈቃዱ ነው።

የጻፍሽልኝን አንብቤዋለሁ። ወርሃዊው የኢንተርኔት ዳታ ጥቅል ወሩ ሳይጋመስ እያለቀ ስላስቸገረሽ ከፍ ወዳለው ልሻገር፣ ከተቻለም ያልተገደበውን ልግዛ ብለሻል። «ሐዋሳ ላይ ዳታ ይሰረቃል፤ ቤት እያለሁ ይኸው ጥቅል ወር ይዘልቅልኝ ነበር» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ። ገንዘቡን አልከለክልሽም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሱቅ ተቀምጬ ካርድ የምሸጥ ሴት ነኝና፣ ሰው ዳታ እንዴት እንደሚገዛና እንዴት እንደሚጨርስ ሳላይ የዋልኩበት ቀን የለም። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ስሚኝ።

ስለ ስርቆቱ ልጀምር። እዚህ ሳለሽ ጥቅሉ የቆየልሽ ቆጣቢ ስለነበርሽ አይደለም፤ የሰፈራችን ኔትወርክ ነው የቆጠበልሽ። ምድር ቤት ነን፤ ከፊትም ከኋላም ኮንዶሚኒየም ከቦናል። ቪዲዮ ስትከፍቺ ያቺ ክብ ምልክት ስትዞር፣ አንቺም ስልኩን ወደ ላይ አንስተሽ ደረጃው መስኮት አጠገብ ስትቆሚ ትዝ አይልሽም? መብራት በጠፋ ማታማ ጭራሹን ተስፋ ቆርጠሽ ትተኚ ነበር። ወንድምሽ እንዳስረዳኝ ዩቲዩብም ሆነ ቲክቶክ ቪዲዮውን የሚልኩት የመስመሩን ጉልበት እየለኩ ነው። መስመሩ ሲደክም የምስሉን ጥራት ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሲበረታ ከፍ ያደርጉታል። አንቺን ፈቃድ አይጠይቁም።

ልዩነቱ ስንት ነው ብዬ ወረቀት ላይ አሰላሁት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። በሰከንድ 200 ኪሎ ቢት የሚፈስ ደብዛዛ ቪዲዮ በሰዓት 90 ሜጋ ባይት ይወስዳል። መካከለኛ ጥራት ያለውና በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት የሚፈሰው 450 ሜጋ ባይት ይወስዳል። ጥርት ያለው፣ በሰከንድ 3 ሜጋ ቢት የሚፈሰው ደግሞ 1,350 ሜጋ ባይት፣ ማለትም ከ1.3 ጊጋ በላይ ይደርሳል። ቪዲዮው ያው ነው፣ ሰዓቱም ያው ነው፤ የምትከፍይው ግን ከመጀመሪያው 15 እጥፍ ነው። ሐዋሳ ኔትወርኩ ጥሩ ነው ብለሽ አመስግነሻል አይደል? እንግዲህ ሌባሽ እሱ ነው። ከፍ ያለ ጥቅል ብትገዢም እንዲሁ ይበላዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የቪዲዮውን ጥራት በእጅሽ ዝቅ አድርጊው። የስልክሽ ስክሪን ከመዳፍሽ አይበልጥም። ጥራቱን 360p የሚለው ላይ አድርገሽ ስታዪው መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈው ከተነበበ፣ ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ነው።

ቲክቶክን በተመለከተ አልቆጣሽም፤ እኔም ገበያ ሲቀዘቅዝ አያለሁ። ግን አንዱን እያየሽ ሳለ ተከታዩን አስቀድሞ እንደሚያወርድ እወቂ። ላላየሽውም ትከፍያለሽ። በቅንብሩ ውስጥ የዳታ ቁጠባ የሚል አለ፤ እሱን አብሪው።

ቴሌግራምም ከእሱ አይተናነስም። የክፍላችሁ ግሩፕ፣ የዶርማችሁ ግሩፕ፣ የማኅበሩ፣ የቀልዱ… በየቀኑ ስንት ፎቶና ቪዲዮ ይወርድብሻል? ዳታና ማከማቻ የሚለው ውስጥ ገብተሽ በሞባይል ዳታ በራሱ እንዳያወርድ አጥፊው። የምትፈልጊውን ነክተሽ ታወርጂዋለሽ። የመምህራኑ ፒዲኤፍ ብዙ አይከብድም፤ ጽሑፍማ ኢምንት ነው። ፊደላችን አንዱ 3 ባይት ይይዛል አለኝ ወንድምሽ፤ ይህ የማያልቅ ደብዳቤዬ እንኳ 20 ኪሎ ባይት አይሞላም። ስለዚህ «ለትምህርት ነው» የምትዪኝ ነገር እውነት ቢሆንም፣ ትምህርቱ ብቻውን ያን ሁሉ ጊጋ አይጨርስም።

ደግሞ የጓደኛሽን ላፕቶፕ በስልክሽ ሆትስፖት እንደምታገናኙ ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። ላፕቶፑ የስልክሽን ዳታ እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ቆጥሮ ዊንዶውስን ሊያድስበት ይችላል፤ በአንድ ሌሊት የወሩን ቀለብ ያነሳዋል። ላፕቶፑ ላይ ግንኙነቱን በልክ የሚቆጠር (metered) አድርጎ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ወንድምሽ በስልክ ያሳይሻል። ለጓደኞችሽ ማካፈሉን አቁሚ አላልኩም፤ ዳታ የሌላትን ልጅ ዶርም ውስጥ ማየት ደስ አይልም። ግን በተራ ግዙ፤ ወይም አዋጥታችሁ አንድ ትልቅ ያዙ።

አሁን ወደ ግዢው ልምጣ። እኔ የማዝነው በዕለታዊው ጥቅል ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ሱቃችን በር ላይ የሚቆሙት አብዛኞቹ የግንባታ ሠራተኞች ናቸው። አንድ ልጅ አለ፣ የሲሚንቶ አቧራ ከጥፍሩ ሥር የማይለቀው። ካርድ ይገዛል፣ ቁጥሩን በሳንቲም ይፍቃል፣ እዚያው ቆሞ ይሞላና *999# ነክቶ ዕለታዊውን ይመርጣል። ከዚያ ከቤተሰቡ ጋር ጥቂት ያወራል፣ ኳስ ያያል፣ ይደክመውና ይተኛል። በማግስቱ ቀን ሥራ ላይ ስለሚውል ስልኩን አይነካውም፤ 24 ሰዓቱ ሲሞላ የተረፈው ሜጋ ባይት አብሮ ይጠፋል። ማታ ደግሞ ይመለሳል። ሒሳቡ ጠፍቶት አይደለም፤ የወሩን በአንድ ጊዜ የሚከፍልበት ብር በእጁ ስለማይቆይ ነው። ዘይት በሲኒ የሚወስደው ደንበኛዬ በሊትር ከሚወስደው አብልጦ እንደሚከፍል ሁሉ፣ ዳታም በትንሽ በትንሹ ሲገዛ አንዱ ሜጋ ባይት ይወደዳል። አንቺ ግን የወሩን በአንዴ የሚልክልሽ ሰው አለሽ። ዕለታዊውን ለመንገድና ለድንገተኛ ብቻ ተይው።

ስንት ጊጋ ለሚለው ከእኔም ከጓደኞችሽም መልስ አትፈልጊ፤ ስልክሽ ይነግርሻል። ቅንብር ውስጥ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ስትከፍቺ እያንዳንዱ መተግበሪያ የበላውን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሮ ያሳይሻል። ከላይ ያልኩሽን ሁሉ አስተካክለሽ፣ ከሰኞ እስከ እሑድ እንደ ወትሮሽ ተጠቀሚና ድምሩን እዪው። ለ7 አካፍለሽ በ30 አባዥው። በሳምንት 1.5 ጊጋ ከወጣ በወር ወደ 6.4 ጊጋ ይመጣል ማለት ነው፤ ትንሽ መጠባበቂያ ጨምረሽ ከዚያ የሚቀርበውን ወርሃዊ ጥቅል ትመርጫለሽ። የፈተና ሳምንት አትለኪ፤ ፈተና ሲደርስ ወይ ጭራሽ አትከፍቺውም፣ ወይ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የትምህርት ቪዲዮ ስታዪ ታድሪያለሽ፤ ሁለቱም ልክሽ አይደሉም። እዚያው ቦታ ማስጠንቀቂያና ገደብ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሦስት አራተኛው ሲያልቅ ስልኩ እንዲነግርሽ አድርጊ።

ወርሃዊውን ወደ ቤት ልትመጪ ጥቂት ቀን ሲቀርሽ አትግዢ፤ እዚህ ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ሳትጨርሺው ይቀራል። ለዚያን ጊዜ ሳምንታዊው ይበቃሻል።

ያልተገደበውን ግን አልወደድኩትም። የሚከለክለው ነገር ስለሌለ ሰው የማይፈልገውንም ያያል፤ እዚህ ሰፈር የገዙትን አይቻለሁ፣ ስልካቸው ከእጃቸው አይወርድም። ደግሞም ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ የሚቀንስ እንደሆነ ዝርዝሩን ሳታነቢ እሺ አትበዪ። ለስድስት አዋጥታችሁ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሒሳቡን ሠርታችሁ ላኪልኝና አየዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ ሱቅ መጥተው የሚጮሁብኝ በዚህ ነው። ጥቅሉ አልቆ ዳታው በርቶ ከቀረ፣ ስልኩ ላይ ያለውን ቀሪ ሒሳብ በመደበኛው ታሪፍ መብላት ይጀምራል። «ትናንት የሞላሁት ካርድ የት ገባ?» ብለው ይመጣሉ፤ እኔ ምን አውቃለሁ! ስለዚህ *804# እየነካሽ ቀሪውን ተከታተዪ፣ ጥቅሉ ሲያልቅም መጀመሪያ ዳታውን አጥፊ። ገንዘብ ስልክሽ ላይ ከማከማቸት ቴሌብር ላይ ማስቀመጡ ይሻልሻል። የአየር ሰዓት ብድርም አትልመጂ፤ የአገልግሎት ክፍያው ትንሽ ይመስላል እንጂ በየሳምንቱ ሲደጋገም ካርድ ይገዛል።

ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ሁለት ሲም የያዘ ደንበኛ በዝቷል። አንቺም ስልክሽ ሁለት ስለሚይዝ ዶርማችሁ ውስጥ የትኛው እንደሚሻል ከጓደኞችሽ ስልክ ሞክሪና ወስኚ። እዚህ የሚሠራው እዚያ ላይሠራ ይችላል። ቤተ መጻሕፍቱ ዋይፋይ ካለው ደግሞ ትልልቁን ነገር ሁሉ፣ የመተግበሪያ ማደሻውንም የመጽሐፉንም፣ እዚያ ጨርሺው።

ከዚህ ሁሉ ቁጠባ ግን የእሑዱን ጥሪ አውጪልኝ። የቪዲዮ ጥሪ እንደ መስመሩ ሁኔታ በደቂቃ ጥቂት ሜጋ ባይት ነው የሚወስደው፤ 5 ብንል ለ20 ደቂቃ 100 ሜጋ ባይት ይሆናል። የወሩ አራት እሑድ ግማሽ ጊጋ እንኳ አይሞላም። ባለፈው በድምፅ ብቻ ደውለሽ «ዳታ እየቆጠብኩ ነው» ያልሽኝን አባትሽ አልወደደውም፤ ከስተሽ እንዳይሆን ብሎ ሲጨነቅ አመሸ። እሱንም አስቢበት።

ገንዘቡን ዛሬ በቴሌብር ልኬያለሁ፤ ያው የድሮውን ወርሃዊ የሚገዛ ነው። ሳምንቱን ለክተሽ ካልበቃሽ ቁጥሩን ጽፈሽ ላኪ፣ እጨምራለሁ። ያለ ቁጥር ግን አልጨምርም።

ሽሮና በርበሬ ቅዳሜ ከቃሊቲ መነኸሪያ በሚነሣው አውቶቡስ ይመጣልሻል። በርበሬው ውስጥ እንዳይገባ በላስቲክ ጠቅልዬ አንድ ፍላሽ ጨምሬበታለሁ፤ ወንድምሽ ኮሌጁ ዋይፋይ ላይ የጠየቅሽውን የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርት ሁሉ አውርዶልሻል። 32 ጊጋ የሚይዝ ነው፤ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ይህን በዳታ አውርጂ ብልሽ ኖሮ የስንት ወር ጥቅል ይፈጅ እንደነበር አንቺው አስዪው። ለጓደኞችሽም ገልብጪላቸው፤ ፍላሹን ግን ስትመጪ ይዘሽ ነይ፣ የእሱ ነው፤ እንዳይጠፋበት ሦስት ጊዜ አስጠንቅቆኛል።

የምትወድሽ እናትሽ
ከቱሉ ዲምቱ