ደብዳቤ ለልጄ፦ ስምሽን ጻፊበት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበትም ተሽሎታል፤ ጠዋት ጠዋት ወጣ እያለ መራመድ ጀምሯል።

ይህን የምጽፍልሽ እሁድ በስልክ ያጫወትሽኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ ነው። ስንት ወር የለፋሽበትን የድልድይ ንድፍ አለቃሽ በራሱ ስም ብቻ አቀረበው አልሽኝ። ትናደጃለሽ ብዬ ስጠብቅ «ይሁን እማዬ፣ ዋናው ሥራው መውጣቱ ነው» ብለሽ ወደ ሌላ ወሬ ገባሽ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። በስልክ ተናግሬ የምጨርሰው ስላልሆነ ደግሞ በጽሑፍ ይሁን አልኩ።

ተማሪዎቼን ሳስተምር ከምወዳቸው የጥንት ሴቶች አንዷ የግብፅዋ ሃትሼፕሱት ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1479 ገደማ ባሏ ዳግማዊ ቱትሞስ ሞተ። ዙፋኑ ከሌላ ሚስት ለተወለደው ለሣልሳዊ ቱትሞስ ተላለፈ። እሱ ግን ገና ሕፃን ነው። ስለዚህ እንጀራ እናቱ ሞግዚት ሆና አገሩን ማስተዳደር ያዘች። እስከዚህ ድረስ የተለመደ ነው፤ በእኛም አገር እነ እቴጌ ምንትዋብ አድርገውታል። እሷ ግን እዚያ ላይ አልቆመችም። ቢዘገይ በሰባተኛው ዓመት ራሷ ፈርዖን ሆናለች፤ ከነሙሉ ማዕረጉ፣ ከነዘውዱ። ልጁን ገፍታ አላባረረችም። በስም አብረው ነገሡ፤ ሥልጣኑ ግን በእሷ እጅ ነበር። እንዲህ ሆና ሃያ ዓመት ያህል ገዛች።

በነገሠች በ9ኛው ዓመት አምስት መርከቦች በቀይ ባሕር ወደ ፑንት ምድር ላከች። ፑንት የት እንደነበር ብዙ ክርክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ጥናት ግን ግብፆች አድርቀው ያቆዩአቸውን ዝንጀሮዎች መርምሮ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ጅቡቲንና ሶማሊያን ወደሚያጠቃልለው አካባቢ ጠቁሟል። ወደኛው ሠፈር ማለት ነው። ሰዎቿ የሄዱት ዕጣንና ከርቤ ፍለጋ ነበር፤ እሱንም ጭነው ተመለሱ። ከዚያም አልፈው 31 ዛፍ ሕይወቱ እንዳለ አመጡ። አመጣጡ ሉክሶር ከተማ አጠገብ፣ ዴር ኤል ባህሪ በሚባለው ቦታ በሚገኘው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይታያል። የዛፉ ሥር ከነአፈሩ በቅርጫት ተቀምጧል፤ ቅርጫቱ በረጅም እንጨት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመው መርከቡ ላይ ይወጣሉ። በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙት የፑንት ጎጆዎች ከነመሰላላቸው አሉ። የአገሩ ገዢ ፓራሁና ሚስቱ አቲ በስማቸው ተጽፈዋል። የባሕሩ ዓሣ ሳይቀር በየዓይነቱ ተስሏል። ዕጣኑ እንኳን እዚያው ግድግዳ ላይ ሲሰፈር ታያለሽ። የሠራችውን ነገር በደፈናው አላለፈችውም። ስንት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጠ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ሁሉም ተጽፏል።

ሉክሶር ውስጥ ካርናክ ላይ ካቆመቻቸው ሐውልቶች አንዱ ዛሬም ቆሟል። አንድ ወጥ ግራናይት ነው፤ ቁመቱ ወደ 30 ሜትር ይጠጋል፣ ክብደቱ ከ300 ቶን ያልፋል። አስዋን ላይ ተፈልጦ፣ በዓባይ ተጭኖ ነው የመጣው። ከድንጋይ ፈለጣው ጀምሮ ሥራው የፈጀው 7 ወር ብቻ እንደሆነ እሷው ግርጌው ላይ አስጽፋለች። እዚያው ጽሑፍ ላይ ሁሌም ሳነበው ልቤን የሚነካኝ ነገር አለ። ከዓመታት በኋላ ሥራዋን የሚያዩ ሰዎች ምን ይሉ ይሆን እያለች ልቧ ወዲያና ወዲህ እንደሚል ትናገራለች። ፈርዖን ሆና፣ አገር በእጇ ሆኖ፣ ይህ ያሳስባት ነበር።

መስጋቷም ልክ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1458 ገደማ ሞተች፤ ሣልሳዊ ቱትሞስም ብቻውን ነገሠ። ሃያ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ በዘመኑ ማብቂያ ላይ፣ መሮ የያዙ ሰዎች ተላኩ። ስሟንና ምስሏን ከግድግዳው ላይ ፋቁ። በብዙ ቦታ ደግሞ በእሷ ስም ፋንታ የአባቷን ወይም የባሏን ስም ቀረጹበት። ልጄ፣ ይቺን ልብ በይልኝ። ቤተ መቅደሱን አላፈረሱትም። ሥራው እንዳለ ቀረ፤ ባለቤቱ ብቻ ተቀየረ። «ዋናው ሥራው መውጣቱ ነው» ስትይኝ የመጣብኝ ይህ ነው።

ድሮ ብዙዎች ነገሩን የእንጀራ ልጁ ቂም ነው ይሉት ነበር። እኔ አይመስለኝም፤ ቂም ሃያ ዓመት ሙሉ አይታገሥም። አሁን ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የሚሉት ዙፋኑ ያለ ጥያቄ ከወንድ ወደ ወንድ እንዲያልፍ፣ ለቱትሞስ ልጅ ለዳግማዊ አሜንሆቴፕ መንገዱ እንዲጠረግ ተብሎ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያመኝ ይሄኛው ነው። ማንም ሳይጠላት ጠፋች። መዝገቡ እንዲስተካከል ብቻ! በኋላ በተጻፈው የአቢዶስ የነገሥታት ዝርዝር ላይም ስሟ የለም።

የተገኘችው በብዛት ስለጻፈች ነው ብዬ አምናለሁ። ፋቂዎቹ ሁሉን መድረስ አልቻሉም። የካርናኩን ሐውልት በግንብ ሸፈኑት፤ ግንቡ ደግሞ ጽሑፉን ከጉዳት ጠበቀው። የጥንት ግብፅን ጽሑፍ የፈታው ሻምፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1829 ዴር ኤል ባህሪ ሲደርስ ግራ ገባው። ግድግዳው ላይ ጢም ያለው ንጉሥ ተስሏል፤ ጽሑፉ ግን «እሷ» እያለ ነው የሚያወራው። ፍለጋው ከዚያ ቀጠለ።

አሁን ስለ አለቃሽ ልንገርሽ። ሃትሼፕሱት ሴነንሙት የሚባል ባለሟል ነበራት። ከተራ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው፤ ትልልቅ ሥራዎቿን በኃላፊነት የመራውም እሱ ነበር። በዚያ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ ከትንንሾቹ ክፍሎች በሮች ጀርባ፣ እሱ ተንበርክኮ ሲጸልይ የሚያሳዩ ምስሎች ከነስሙ አሉ። በሩ ሲከፈት ይሸፈናሉ። በስርቆት እንዳይመስልሽ፤ በእሷ ፈቃድ መሆኑ ተጽፏል። ፈርዖን ለሠራተኛዋ ያልከለከለችውን የአንድ ቢሮ ኃላፊ የሚከለክልሽ በምን ሒሳብ ነው?

ሰኞ ቢሮ ስትገቢ አነጋግሪው። አትቆጪ፣ አትለማመጪም። «ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ስሜ ይግባ» በይው። በቃል ብቻ እንዳይቀር በኢሜይልም ላኪለት። የሠራሽባቸውን ፋይሎች ከነቀናቸው አስቀምጪ። እምቢ ካለ ከእሱ በላይ ያለውን ጠይቂ። ይህ ትዕቢት አይደለም፣ ጭቅጭቅም አይደለም። አባትሽም እንደኔው ነው የሚለው።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ጊዜ ካገኘሽ፣ እዚያው ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሂጂልኝ። የሙዚየሙ ቡድን በሄርበርት ዊንሎክ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዴር ኤል ባህሪ አጠገብ ሲቆፍር፣ ተሰባብረው ጉድጓድ የተጣሉ ሐውልቶቿን አገኘ። ስብርባሪውን እየገጣጠሙ መልሰው አቆሟቸው። የአንበሳ ገላና የእሷ ፊት ያለው ግራናይቱ ስፊንክስ ብቻውን ከ7 ቶን በላይ ይመዝናል። እኔ እንድታይልኝ የምፈልገው ግን ነጣ ካለ ድንጋይ የተቀረጸችውን፣ ዙፋን ላይ የተቀመጠችውን ነው። የሴት ሰውነት አላት፤ ራሷ ላይ ያለው የንጉሥ መሸፈኛ ነው። ቀረብ ብለሽ የተገጣጠመችበትን መሥመር እይልኝ። ፎቶ ማንሣት የሚፈቀድ ከሆነም ከፊትም ከጎንም አንሥተሽ ላኪልኝ።

ብርዱ ስለገባ ራስሽን ጠብቂ። አባትሽ በጣም ናፍቆሻል፣ ወንድምሽም ሰላም ብሎሻል።

የምትወድሽ እናትሽ